«አወቁኝ?» ማለት ይቅር፦ ስለ መርሳት በሽታ በእድር ላይ እንዴት እንነጋገር

አንድ ትልቅ ሰው መርሳት ሲጀምሩ ሰፈር የሚለው የታወቀ ነው። «እርጅና ነው»፣ «ጃጅተዋል»፣ «ልጅ ሆነዋል»። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መተት ነው» የሚልም አይጠፋም። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ያፍራል። እንግዳ መቀበል ይቀንሳል፣ ቀስ በቀስም በሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ በሴት ልጅ፣ በምራት ወይም በቤት ሠራተኛ ላይ።

ይህ መመሪያ ያንን በር ማስከፈት ለሚፈልግ ሰው ነው። አዳራሽ መከራየት፣ ባነር ማሳተም፣ ቲሸርት ማሠራት አያስፈልግም። እድር አለን። እድር በየወሩ ይሰበሰባል፣ የቀረውን ይቀጣል፣ የትኛው ቤት ማን እንዳለ ያውቃል። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን መርዳትና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር። ስለዚህ «እድር ለሞተ ሰው ነው» የሚል ቢነሳ መልሱ ከእጅ አይጠፋም።

1. መጀመሪያ ራሳችሁ ነገሩን እወቁት

ሐኪም መሆን አይጠበቅባችሁም። ግን ሰው ሲጠይቃችሁ እንዳትደናገሩ የሚከተለውን በደንብ ያዙት።

የመርሳት በሽታ የምንለው ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የተለያዩ የአንጎል በሽታዎች የሚያመጡት ችግር የጋራ መጠሪያ ነው። ማስታወስ፣ ማሰብ፣ መናገርና የዕለት ሥራን ማከናወን እየቀነሰ ይሄዳል። ከመንስኤዎቹ ዋነኛው አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ100 ሕሙማን ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት ላይ ያለው እሱ ነው። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። እሱም የአንዲት ታካሚውን ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቹ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1906 ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የሚጠቀሰው ከስትሮክና ከደም ግፊት ጋር የተያያዘው ዓይነት ነው። ሌዊ ቦዲ የሚባለው ደግሞ ለታማሚው የሌለ ሰው ያሳየዋል። አያት «እዚያ ጥግ የተቀመጡት ልጆች የማን ናቸው?» ሲሉ ቤተሰብ ቶሎ ወደ መንፈስ የሚወስደው እንዲህ ያለውን ነው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚላችሁ ይኖራል። በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ጋር ይኖራሉ፣ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትም ያሉት እንደ እኛ ባሉ አነስተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዕድሜ ያጋልጣል፣ ግን ማንኛውም ሰው ሲያረጅ የግድ ይይዘዋል ማለት አይደለም። 90 ዓመት ሞልቷቸው የዘር ሐረግ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አሉ። 65 ሳይሞላቸው የሚታመሙም አሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም፣ ምልክቱን ለጊዜው የሚያስታግሱ ግን አሉ።

2. ዳኛውን አናግሩና ጥሩ ሰዓት ያዙ

የእድሩን ዳኛና ጸሐፊውን ከስብሰባው በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ አናግሩ። 20 ደቂቃ ጠይቁ። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ውስጥ እንዳይከቷችሁ ተጠንቀቁ። እዚያ ሲደረስ ሰው ጫማውን እያሰረ ነው። ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት ብትገቡ ይሻላል፣ ያኔ የሚወጣ የለም።

ሰው የሚስብ አንድ ዘዴ አለ። ከአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የግፊት መለኪያ ይዛ እንድትመጣ ለምኑ። «ግፊት በነጻ እንለካለን» ከተባለ ስብሰባ የማይወዱት ሁሉ ይመጣሉ። መለካቱ ራሱ ከርእሱ አይወጣም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፣ 14 የታወቁ አጋላጭ ነገሮች ቢስተካከሉ ከዲሜንሺያ 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። የደም ግፊት አንዱ ነው። ስኳር፣ ሲጋራ፣ የመጠጥ ብዛት፣ ድብርት፣ ብቸኝነት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ሳይታከም የቀረ የመስማትና የማየት ችግርም አሉበት። ሞተር ሳይክል የሚነዱትን ወጣቶች ስለ ሄልሜት መጎንተል ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው።

ቄሱን ወይም ኢማሙን አስቀድማችሁ አናግሯቸው፣ ከቻሉም ይገኙ። ለምን እንደሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

3. የማንንም ስም አታንሡ

ሰፈር ውስጥ ማን እንደሚረሳ ሁሉም ያውቃል። እናንተ ግን «ለምሳሌ እንደ እማማ እገሌ» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ቤተሰቡ እዚያው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከስብሰባው በፊት ቤታቸው ጎራ በሉ፣ ቡና ጠጡ፣ ምን ልታደርጉ እንዳሰባችሁ ንገሯቸው። መናገር የሚፈልግ አስታማሚ ካለ ቦታውን ልቀቁለት። ገና በጅማሬ ላይ ያለ ታማሚ ራሱ ልናገር ካለ ደግሞ ከእናንተ 20 ደቂቃ የእሱ ሦስት ደቂቃ ይበልጣል።

4. አንድ ነገር ብቻ ማስለወጥ ከቻላችሁ ይህን አስለውጡ

ስብሰባው ላይ ብዙ ማውራት ትፈልጉ ይሆናል። ሰው ግን ቤቱ ይዞ የሚሄደው አንድ ነገር ነው። እኔ የምመርጠው «አወቁኝ?» የሚለውን ጥያቄ ማስቀረት ነው።

እንግዳ ገባ። ጉንጭ ተሳሳመ። ከዚያ የእማማን እጅ እንደያዘ አይለቅም። «እማማ፣ አወቁኝ?» እሳቸው ፈገግ ይላሉ። «እንዴት አላውቅህ!» ይህ ጨዋነት ነው። እንግዳው ግን አይበቃውም። «እሺ ማን ነኝ? ስሜን ይጥሩኝ እስቲ!» ቤቱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። እማማ ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ይሄዳል፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ የአንዱን ስም ይሞክራሉ። የሞተ ወንድማቸው ስም ነው። «አይ፣ ረሱኝ!» ይላል እንግዳው፣ ሁሉም ይስቃል። ክፋት የለበትም። ናፍቆት ነው። ለእሳቸው ግን በሰው ፊት ፈተና መውደቅ ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ በቀን አራት ጊዜ ከገባ እማማ ከጓዳ አልወጣም ቢሉ አይገርምም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስማችሁን ራሳችሁ ተናገሩ። «እማማ፣ ከበደ ነኝ፣ የጎረቤትዎ የአስቴር ልጅ። እንዴት ዋሉ?» በቃ። ፊት ለፊት ሆናችሁ፣ ዝግ ብላችሁ፣ ቴሌቪዥኑ ተቀንሶ። ካወቋችሁ ደስ ይላቸዋል፣ ካላወቋችሁም አላፈሩም።

ይህን በቃል ብቻ አትንገሩ። ሁለት ወንበር አስቀምጡና ሁለት ሰው አስነሡ። አንዱ እንደ ድሮው ይጠይቅ፣ ቀጥሎ እንደ አዲሱ ሰላም ይበል። ሰው ይስቃል፣ ግን ይይዘዋል። የእድሩ ቀልደኛ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እሱን አስነሡ።

ጊዜ ከተረፈ እነዚህን ጨምሩ። ታማሚዋ «እናቴ እየጠበቀችኝ ነው፣ ልሂድ» ካሉ፣ «እናትዎማ ከሞቱ 40 ዓመታቸው» ማለት መርዶ እንደገና መንገር ነው። «እናትዎ ምን ዓይነት ሰው ናቸው? ወጥ ይችሉ ነበር?» ብላችሁ ብታጫውቷቸው መነሣታቸውን ሊረሱ ይችላሉ። አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ ሲጠይቁ አሥር ጊዜ መመለስ አድካሚ ነው፣ ቢሆንም «አሁን ነገርኩዎት እኮ!» አይጠቅምም። ለእሳቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የስርቆት ክስም አለ። ዕቃ ራሳቸው ይደብቁና ይረሱታል፣ ከዚያ «ቀለበቴን ሰረቀችኝ» ይላሉ። ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ አብራቸው በምትውለው ልጅ ላይ ነው። የቤት ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ስሟ ሊጠፋ፣ ከሥራም ልትባረር ትችላለች። ይህ የበሽታው አንዱ ምልክት መሆኑን በግልጽ ተናገሩ። ቤተሰቡም ከመጮሁ በፊት ከእማማ ጋር አብሮ ይፈልግ። ትራሱ ሥር፣ ጤፍ ማስቀመጫው ውስጥ፣ የድሮ ቦርሳ ኪስ ውስጥ።

5. መቼ ሐኪም ቤት እንደሚኬድ ንገሩ

ሁሉም መርሳት በሽታ አይደለም። የሰው ስም ጠፍቶባችሁ ማታ ትዝ ካላችሁ ደህና ናችሁ። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቡና ያፈሉ እናት ውኃ ሳይጨምሩ ጀበናውን ሲጥዱ። 30 ዓመት የተመላለሱበት የቤተ ክርስቲያን መንገድ ሲጠፋባቸው። ወጥ ውስጥ ጨው ሦስቴ ሲገባ። ብር መቁጠርና መልስ መቀበል ሲያቅት። ዝምተኛው ሰው በድንገት ተሳዳቢ ሲሆን። እንዲህ ያለው ነገር ወራት እየቆየ ከከረረ ጤና ጣቢያ ይወሰዱ።

ለምን መሄድ አስፈለገ፣ መድኃኒት የለው? ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ዲሜንሺያ የሚመስሉ፣ ግን የሚታከሙ ነገሮች ስላሉ ነው። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ወድቀው ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ የሚጾሙ አረጋውያን ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። አንዳንድ የአለርጂና የእንቅልፍ ክኒኖችም አእምሮን ያደበዝዛሉ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የአገር መድኃኒትም ካለ አትደብቁ። መቼ እንደጀመረና ምን ምን እንደተለወጠ በወረቀት ጻፉ። ታማሚው ፊት «ምንም አያስታውስም» ብሎ ከመዘርዘር ወረቀቱን ለሐኪሙ ማቀበል ክብር ይጠብቃል። የነርቭ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ የሚበዙትም አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር መሄዱ መንገዱን ያሳጥራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አትርሱ። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ከዘባረቁ፣ ሰው ካምታቱ፣ ወይም ጭልጥ ብለው ከተኙ ይህ የመርሳት በሽታ አካሄድ አይደለም። ኢንፌክሽን፣ የስኳር መውረድ፣ የውኃ እጥረት ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይድረሱ።

ማስታገሻ ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ መስጠትም ይቅር። ለሌዊ ቦዲ ታማሚ ሃሎፔሪዶልን የመሰሉ መድኃኒቶች ከባድ ጉዳት ሊያመጡ ይችላሉ።

6. ጸበሉን ከመድኃኒቱ አታጋጩት

ቄሱን ወይም ኢማሙን ጋብዙ ያልኩት ለዚህ ነው። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ጸበል ነው ወይም ዱዓ ነው። ይህን መቃወም ስብሰባውን ማበላሸት ነው፣ ደግሞም አያስፈልግም። በኤችአይቪ ጊዜ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ ቤተ ክርስቲያን በይፋ ተናግራለች። እዚህም ያው ነው። ቄሱ በራሳቸው አንደበት «ጸበላችሁን ጠጡ፣ ክኒናችሁንም ዋጡ» ቢሉ እናንተ ከምትሉት የበለጠ ይሰማል። ማሰር፣ መምታት፣ ያለ ምግብና ያለ ውኃ ማቆየት ግን ሕክምናም ጸሎትም እንዳልሆነ ይናገሩ። ብርድ ላይ የቆመ አረጋዊ የሳንባ ምች ሊይዘው እንደሚችልም እንዲሁ።

7. የጠፋ ሰው ሰንሰለት ሥሩ

ወጥቶ መጥፋት ቤተሰብ ከሁሉ በላይ የሚፈራው ነገር ነው። ይህን ክፍል ስብሰባው ሳይበተን ጨርሱት።

ፈቃደኛ የሆነው ቤተሰብ የታማሚውን የቅርብ ፎቶ ለጸሐፊው ይስጥ። ጸሐፊው ሰባት ስምንት ሰው ይምረጥ፦ የሱቁ ባለቤት፣ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ፣ ጉሊት የምትሸጠዋ፣ ጫማ የሚያሳምረው ልጅ። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ዓይናቸው ያለ ሰዎች እነዚህ ናቸው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈት፣ ስማርት ስልክ ለሌለው መደበኛ ስልክ ይደወል። ግሩፑ ላይ ሰላምታና የበዓል ፎቶ አይለጠፍ፣ አለዚያ በቁም ነገሩ ቀን ማንም አያየውም።

ሰው ሲጠፋ ቤተሰብ «ትንሽ እንጠብቅ» ማለት የለበትም። ወዲያው ግሩፑ ላይ ይጻፍ፦ ምን ለብሰዋል፣ በየት በኩል ወጡ። አንድ ሰው ቤት ይቅር፣ በራሳቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ፍለጋው ከድሮ ቤታቸው፣ ከድሮ መሥሪያ ቤታቸውና ከደብራቸው ይጀመር። «ቤቴ ልሂድ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ልጅነቱ ወይም ወደ ጎልማሳነቱ ቤት ነው። ቶሎ ካልተገኙ ለፖሊስ ጣቢያ ይነገር። ስም የለሽ ሆነው እንዳይቀሩ ስማቸውና የቤተሰብ ስልክ በጨርቅ ተጽፎ በኮታቸው ወይም በቀሚሳቸው ውስጥ ይሰፋ። ወረቀት በኪስ ውስጥ አይበረክትም።

ያገኛቸው ሰው እጃቸውን ይዞ አይጎትት። «ወዴት እየሄዱ ነው? እኔም በዚያው ነኝ፣ አብረን እንሂድ» ብሎ ጎን ለጎን ይራመድ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መንገዱን ወደ ቤት ያዙር።

8. አስታማሚዋን አስወጧት

ለአስታማሚ «በርቺ» እና «እግዜር ይስጥሽ» የሚል ሞልቷል። የሚያስፈልጋት ሁለት ሰዓት ነው። ፀጉሯን የምትሠራበት፣ ባንክ የምትሄድበት፣ ዝም ብላ የምትተኛበት። የሴቶች እድር ካላችሁ ይህን ለእነሱ ስጡ። በሳምንት አንድ ከሰዓት ተራ የሚገቡ አራት ሰዎች ቢገኙ እያንዳንዷን የሚደርሳት በወር አንዴ ነው።

ተራ የገባች ሴት ምን ትሥራ? ታማሚዋን አጠገቧ ታስቀምጥ። ምስር ይልቀሙ፣ ጥጥ ያባዝቱ፣ ሽንኩርት ይላጡ፣ እንዝርት የሚችሉ ከሆነ ይፍተሉ። ልጃቸውን የረሱ እጆች መፍተሉን አይረሱትም። መዝሙርና አቡነ ዘበሰማያትም ብዙውን ጊዜ ቶሎ አይጠፉም። ቡናው ሲፈላ መርቁን በሏቸው። ምርቃቱ ሊደጋገም ይችላል፣ አሜን ማለት ነው። ፍም ያለበት ከሰል፣ የፈላ ጀበናና ቢላዋ ግን ከእጃቸው ይራቁ። ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆነ የደረጃው በር ይዘጋ።

ውጭ አገር ያሉ ልጆች ይህን ክፍል ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ገንዘብ መላካችሁ ቤቱን ያቆመዋል። ግን በቪዲዮ ደውሎ «እማዬ፣ አወቅሽኝ?» ማለት ከላይ ያልኩት ነው። ስማችሁን ተናገሩ፣ አጭር አድርጉት፣ ቀጥሎ አስታማሚዋን አናግሯት። እህታችሁ ብትሆንም ደመወዝ የሚመስል ነገር ቁረጡላት። አሜሪካ ውስጥ ወላጅ የምታስታምሙ ደግሞ የአልዛይመር አሶሲዬሽን 24 ሰዓት የሚሠራ የስልክ መስመር አለው፣ በአስተርጓሚም ያገለግላል። ታማሚ በኋላ የለመደውን እንግሊዝኛ እየጣለ ወደ አማርኛው ሊመለስ ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ።

9. ወረቀቱ ሳይረፍድ

ይህን በአጭሩ። ቤት፣ የባንክ ደብተር፣ ጡረታ ያለው ሰው ገና ነገሩን በሚረዳበት ጊዜ ከሕግ ባለሙያ ጋር ይማከር። ውክልና የሚሰጥ ሰው የሚፈርመውን ማወቅ አለበት። ከረፈደ በኋላ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ወንድማማች የሚጣላውም ያኔ ነው።

10. ቀጣዩን ቀን ቁረጡ

የዓለም የአልዛይመር ቀን ሴፕቴምበር 21 ነው። በእኛ መስከረም 11 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ መስከረም 10። ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ ከመስቀል በፊት። ዘመድ የሚጠያየቅበት ጊዜ ስለሆነ «አወቁኝ?»ም የሚበዛው ያኔ ነው። ስለዚህ የነሐሴው ወይም የጳጉሜን ሰሞን ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ አስይዙ።

እስከዚያው በየሦስት ወሩ ሰንሰለቱን ሞክሩት። ጸሐፊው ቀን ሳይናገር ግሩፑ ላይ «ሙከራ ነው» ብሎ ይጻፍ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው እንደመለሰ ይቁጠር። ያልመለሰው ይደወልለት። ቤት የለቀቀ ወይም ስልክ የቀየረ ካለ ስሙ ያኔውኑ ይተካ።